የማንቁርት ካንሰርና ማንቁርትን የሚያተርፍ ኦፕራሲዮን፦ ወሎ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁን ጥያቄዎች

አባባ ማንቁርታቸውን ታመው ኦፕራሲዮን ከሆኑ ወዲህ ከደሴም ከኮምቦልቻም ከሐይቅም ከመርሳም ሰው ይደውልልናል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚደውለው ታማሚው ሳይሆን ልጁ ወይ እህቱ ነው፣ ጥያቄውም ተመሳሳይ ስለሆነ አንዴ ልፃፈው ብዬ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ አስታማሚ ነኝ። እዚ ያለው ሐኪሞቹ ቁጭ ብለው ካስረዱኝና እኔም እያነበብኩ ካረጋገጥኩት ነው፣ የናንተን ሰው ጉዳይ ግን መርምሮ ያየው ሐኪም ነው የሚወስነው።

ማንቁርት የቱ ነው? ጉሮሮ ማለት አይደለም እንዴ?

ሁላችንም "ጉሮሮዬን አመመኝ" ስንል እጃችንን አንገታችን ላይ እናደርጋለን እንጂ ውስጡ ሁለት መንገድ እንዳለ አናስበውም። ከኋላ ያለው የምግብ መውረጃ ነው፣ ከፊት ያለው የአየር ቧንቧ ነው፣ ማንቁርት ደሞ የአየር ቧንቧው አናት ላይ ያለ በር ነው። ወንዶች ላይ አንገት ፊት ለፊት ወጣ ብሎ የሚታየው፣ ስንውጥ ከፍ ዝቅ የሚለው ነገር የሱ ሽፋን ነው። ስራው 3 ነው፦ አየር ያሳልፋል፣ ድምፅ ያወጣል፣ ስንውጥ ደሞ ግጥም ብሎ ይዘጋና ምግቡ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ያደርጋል። ውሃ ስትጠጡ እየሳቃችሁ ትን ያላችሁ ጊዜ ይሄ በር ትንሽ ዘግይቶ ነው ማለት ነው።

ሐኪሞቹ በ3 ይከፍሉታል፣ ከድምፅ አውታሩ (እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣው ጥንድ እጥፋት) በላይ፣ ራሱ አውታሩ፣ ከአውታሩ በታች። ይሄ ክፍፍል በጣም ለውጥ ያመጣል። አውታሩ ላይ የበቀለ ካንሰር ገና ትንሽ እያለ ድምፅ ያሻክራል ስለዚ ቶሎ ሊያዝ ይችላል፣ ደሞ እዛ ቦታ የሊምፍ መስመር በጣም ጥቂት ስለሆነ ወደ አንገት እጢዎች (ሊምፍ ኖድ) ቶሎ አይሄድም። ከአውታሩ በላይ ያለው ግን ድምፅ ሳይነካ ሊያድግ ይችላል፣ መጀመሪያ የሚታየው አንገት ላይ እብጠት ወይ ሲውጡ ህመም ወይ ጆሮ ላይ የሚወጋ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ጆሮው ሲታይ ደሞ ጤነኛ ነው።

ድምፅ መሻከር ሁሉ ካንሰር ነው እንዴ?

አይደለም፣ አብሽሩ። ጉንፋን ያሻክረዋል፣ መጮህ ያሻክረዋል፣ ከጨጓራ የሚመለስ አሲድም ያሻክረዋል። ግን ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ በተለይ የሚያጨስ ወይ ያጨስ የነበረ ሰው ከሆነ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም በመስታወት ወይ በካሜራ ውስጡን ማየት አለበት። ከውጭ አንገት ነካክቶ፣ አፍ አስከፍቶ በባትሪ አይቶ ማንቁርት አይታይም፣ ይሄን ሁሉም ሰው ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል።

አባባ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበሩ። "ወልዲያ! ወልዲያ! የሞላ ወልዲያ!" ሲሉ ከታች እስከ ላይ ነው የሚሰማው። የሆነ ጊዜ ላይ መጣራቱን ትተው የመኪናውን ጎን በመዳፋቸው መምታት ጀመሩ፣ ድው ድው ድው፣ ረዳቶቹ ሲጠይቋቸው "ጉንፋን ነው" ይላሉ። እኛም ቤት ውስጥ ለመድነው። አንድ የግል ክሊኒክ ሄደው አሞክሳሲሊን ተሰጣቸው፣ አልሻለም ተብሎ ሌላ አንቲባዮቲክ፣ ከዛ "ጨጓራ ነው" ተብሎ ኦሜፕራዞል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ 5 ወር ሄደ። በ5 ወር ውስጥ አንድም ሰው ውስጡን አላየውም። እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚ አንቲባዮቲክ አንዴ ተወስዶ ድምፅ ካልተመለሰ ሁለተኛውን ከመዋጥ በፊት "ሪፈር ፃፉልኝ፣ በካሜራ ይታይ" በሉ።

ወዲያው፣ ዛሬ ነገ ሳይባል የሚኬድበት ደሞ አለ፦ ሲተነፍስ የሚያፏጭ፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ምራቅ መዋጥ ያቃተው፣ አንገቱ ላይ የማይጠፋ እብጠት ያለው ሰው።

ከምንድነው የሚመጣው? ሲጋራ ብቻ ነው?

ዋናው ሲጋራ ነው። መጠጥ ሲጨመርበት አንዱ በሌላው ላይ ይደመራል ብቻ ሳይሆን ይባዛል። ሺሻም ትምባሆ ነው። ወሎ ላይ ደሞ ስለ ጫት ይጠየቃል፣ እኔ የማየውን ልናገር፣ ብዙ ሰው በቀን 2 ሲጋራ የሚያጨሰው በምርቃና ሰአት ፓኮውን ይጨርሳል፣ አባባም እንደዛ ነበሩ። የማያጨስ ሰው አይያዝም ማለት ግን አይደለም፣ ስለዚ "እኔ አላጨስም" ብሎ 3 ሳምንቱን ወደ 3 ወር ማድረስ አይገባም።

"ማንቁርትን የሚያተርፍ ኦፕራሲዮን" ሲባል ምን ማለት ነው?

ካንሰሩን ከነዳር ድንበሩ አውጥቶ የቀረው ማንቁርት ስራውን እንዲቀጥል ማድረግ ነው። ስራውን የሚለው ላይ አስምሩበት። ስጋው ተርፎ ሰውየው በአፍንጫው መተንፈስ ካልቻለ፣ ወይ የበላው ሁሉ ሳንባው ከገባ፣ ተረፈ አይባልም። ሐኪሙ ለኔ ሲያስረዳኝ "ቤቱን ላቆየው እችላለሁ፣ ጥያቄው አባትህ ይኖሩበታል ወይ ነው" ነበር ያለኝ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ነው የገባኝ።

ታሪኩ ረጅም ነው። በህይወት ያለ ሰው ድምፅ አውታር ሲንቀሳቀስ ያየው ሐኪም ሳይሆን ማኑኤል ጋርሲያ የሚባል የዘፈን መምህር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1854 በትንሽ መስታወትና በፀሐይ ብርሃን የራሱን ጉሮሮ አይቶ። ቢልሮት የሚባል ሐኪም ቪየና ላይ በ1873 ለካንሰር ብሎ ማንቁርትን ሙሉ በሙሉ አወጣ፣ ከዛ በኋላ ለብዙ አመት ማዳን ማለት ሙሉውን ማውጣት ነው ተብሎ ሲኬድ፣ በ1947 አሎንሶ የሚባል የኡራጓይ ሐኪም ከአውታሩ በላይ ያለውን ክፍል ብቻ አውጥቶ አውታሮቹን መተው እንደሚቻል አሳየ። በ1959 ደሞ ማየርና ሪደር ኦስትሪያ ላይ አውታሮቹ ወጥተውም ሰው አንገቱ ላይ ቋሚ ቀዳዳ ሳይደረግለት ሊተነፍስ እንደሚችል ፃፉ። በ1972 ስትሮንግና ጃኮ አሜሪካ ላይ በብርሃን የሚቆርጠውን ሌዘር አመጡ። ይሄን የምፅፈው አንዳንድ ሰው "ሙከራ ሊሰሩብን ነው" ብሎ ስለሚፈራ ነው፣ ሙከራ አይደለም፣ ከኔም ከናንተም እድሜ በላይ ያለው ህክምና ነው።

ስንት አይነት ነው? አንገት ይቀደዳል?

በአፍ በኩል የሚሰራ አለ። ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶ በአፍ ቀጥ ያለ ቱቦ ይገባና በማይክሮስኮፕ እያዩ በሌዘር ይቆርጡታል፣ ከውጭ አንድም ስፌት የለውም፣ ትንሽ ከሆነ ሰውየው በማግስቱ ወይ በሁለተኛው ቀን ቤቱ ሊገባ ይችላል።

ሌላው በአንገት በኩል የሚከፈተው ነው። ከአውታሩ በላይ ያለው ብቻ የሚወጣበት አለ፣ አንዱ አውታር በቁመቱ የሚወጣበት አለ፣ ትልቁ ደሞ ሁለቱም አውታሮች ከፊት ሽፋናቸው ጋር ወጥተው ከታች ያለው የቀለበት አጥንት ወደ ላይ ተስቦ ከምላስ ስር ካለው አጥንት ጋር የሚሰፋበት ነው። በዚህኛው ከኋላ ካሉት ሁለት ትንንሽ ተንቀሳቃሽ ልም አጥንቶች ቢያንስ አንዱ ከነነርቩ መትረፍ አለበት፣ ምክንያቱም አዲሱን በር የሚዘጋው እሱ ነው። አባባ የተሰሩት ይሄንን ነው።

በሁለቱም መንገድ እንደ ካንሰሩ ቦታና መጠን የአንገት እጢዎች አብረው ሊወጡ ይችላሉ።

ለማን ይሆናል? ለኛ ሰው ለምን አይሆንም ተባለ?

ሐኪሙ የሚያየው 2 ነገር ነው፣ ካንሰሩንና ሰውየውን።

ካንሰሩ ትንሽ ከሆነና አውታሩ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጥሩ እድል አለ። አውታሩ ተገትሮ ከቀረ እድሉ ይጠባል፣ ግን ሁሌም ይዘጋል ማለት አይደለም። የማንቁርቱን ሽፋን በስቶ ወደ ውጭ ከወጣ፣ ወይ ከኋላ ሁለቱንም ተንቀሳቃሽ አጥንቶች ከያዘ፣ ወይ ወደ ታች ቀለበቱ ላይ ከወረደ ብዙ ጊዜ ሙሉውን ማውጣት ነው የሚሻለው፣ ያኔ ለማትረፍ ብሎ ካንሰር መተው ሰውየውን ማሳጣት ነው። ይሄን ለማወቅ በካሜራ ማየት፣ በማደንዘዣ ናሙና መውሰድ፣ የአንገት ሲቲ ስካን፣ የደረት ምርመራ ያስፈልጋል። የፓቶሎጂ (የናሙናው ምርመራ) ውጤት ሳይመጣ ማንም ቢላ ማንሳት የለበትም።

ሰውየውን ሲያዩ ደሞ ዋናው ሳንባው ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ትንታ አይቀርም፣ ያንን ሳንባው ችሎ ማሳል መቻል አለበት። ከድሮ ጀምሮ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አለ፣ ሳያርፍ 2 ፎቅ ደረጃ መውጣት ይችላል ወይ የሚል። እኛ ለደሴ ሰው ዳገት ምኑ ነው ብለን ነበር፣ ግን አባባን ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ሲያወጧቸው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ኦፕራሲዮኑ 4 ሳምንት ተገፍቶ ሲጋራ ሙሉ በሙሉ ቆሞ የትንፋሽ ልምምድ ተሰጣቸው፣ ከዛ እንደገና ወጡ። በእድሜ ብቻ አይከለከልም፣ ግን ያረጀ ሰው መዋጥን እንደገና መማር ይከብደዋል፣ ስትሮክ የነበረበትም እንደዛው።

አይሆንም ከተባላችሁ "ለምን አይሆንም፣ ካንሰሩ ነው ወይስ ሳንባው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ቀጥሎ የምታደርጉትን ይለውጣል።

ጨረር ይሻላል ወይስ ኦፕራሲዮን?

ገና ትንሽ ለሆነ የአውታር ካንሰር ሁለቱም ያድናሉ፣ በጣም ትንሹ ደረጃ ላይ ከ100 ሰው ወደ 90ው አካባቢ በየትኛውም ይድናል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ጨረር ከ5 እስከ 7 ሳምንት፣ በሳምንት 5 ቀን ነው፣ ደሴ ላለ ሰው ወደ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ አልጋ ተከራይቶ መክረም ማለት ነው፣ ወረፋውም አለ። ለረጅም አመታት የጨረር ህክምና በአገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው ጅማን የመሳሰሉት የተጨመሩት። ሌዘር ደሞ አንዴ ተሰርቶ ያበቃል፣ ከተመለሰም ጨረሩ ገና በእጃችሁ አለ። ጨረር ግን አንዴ ከተሰጠ ብዙ ጊዜ እዛው ቦታ አይደገምም፣ ከጨረር በኋላ ከተመለሰ ደሞ የሚተርፈው ማንቁርት ያነሰ ነው፣ ብዙዎቹ ሙሉውን ወደ ማውጣት ይሄዳሉ።

ከፍ ላለ ደረጃ ኬሞ (የካንሰር መድሃኒት) እና ጨረር አብሮ ሰጥቶ ማንቁርትን ማትረፍም አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ላይ 332 ሰው የገባበት ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ ቀድመው ኬሞ ከዛ ጨረር ከወሰዱት ውስጥ 64 ከመቶው ማንቁርታቸው ተርፏል፣ በህይወት መቆየቱም ሙሉውን ካስወጡት ጋር ተመሳሳይ ነበር። እኔ ብትጠይቁኝ ከሁለቱም በኩል ያለ ሐኪም ሳያናግሩ መወሰን ልክ አይመስለኝም፣ ኦፕራሲዮን የሚሰራው ስለ ኦፕራሲዮን፣ ጨረር የሚሰጠው ስለ ጨረር ነው በደንብ የሚያውቀው።

ድምፄ ይመለሳል?

ድምፅ ይኖራል፣ የድሮው ድምፅ ግን ላይሆን ይችላል፣ ቀድሞ ማወቁ ይሻላል። በሌዘር ከላይ ከላይ ብቻ ከተነሳ ከወራት በኋላ ሰው ልዩነቱን ላያውቀው ይችላል። ጠለቅ ተብሎ ከተቆረጠ ነፋስ የቀላቀለ ድምፅ ይሆናል። ሁለቱም አውታሮች ከወጡ ደሞ ሻካራ፣ ወፍራም፣ ቶሎ የሚደክም ድምፅ ነው፣ ግን ያለ ምንም መሳሪያ ይወራል፣ ሰው ይሰማል።

ወሎ ላይ ይሄ ጥያቄ ከባድ ነው። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም የሆኑበት አገር ነው፣ መንዙማ የሚያወጣ አለ፣ አዛን የሚል አለ፣ የሚቀድስ፣ የሚያንጎራጉር አለ። በድምፁ የሚያድር ሰው ከሆነ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሐኪሙ ይንገረው፣ ከጨረርና ከሌዘር የቱ ይሻላል የሚለውን ሊቀይረው ይችላል። ከተቻለ ደሞ ድምፁን በስልክ ቅዱት። እኛ የአባባን "ወልዲያ" አልቀዳንም፣ አንድ ረዳት ግን መናኸሪያው ውስጥ ሲጨቃጨቁ የቀረፀው ቪዲዮ ነበረው፣ እሱን ሲያገኙት 3 ጊዜ ደጋግመው ሰሙት።

ሌላ ደሞ፣ ሐኪሙ ዝም በሉ ካለ ዝም ነው፣ ማንሾካሾክም ድካም ነው። ፃፉ፣ ወይ በምልክት ተግባቡ።

መብላት መጠጣትስ?

ሰው ሁሉ ስለ ድምፅ ነው የሚጠይቀው፣ የሚከብደው ግን መዋጥ ነው፣ ለዚህ ዝግጁ ሳትሆኑ እንዳትገቡ። በአንገት በኩል የሚሰራው ላይ መጀመሪያ ለሳምንታት በአፍንጫ በገባ ቱቦ ነው የሚመገቡት። ከዛ መዋጥ እንደ አዲስ ይለመዳል፣ በሩ ተቀይሯላ። ለአንዳንዱ 3 ሳምንት ነው፣ ለአንዳንዱ ወራት።

የሚገርመው መጀመሪያ የሚያስቸግረው ውሃ ነው። ቀጭን ፈሳሽ ፈጣን ስለሆነ በሩ ሳይዘጋ ያልፋል፣ ውሃ፣ ሻይ፣ ቡና ማለት ነው። ወፈር ያለ ነገር ይሻላል፣ ወፍራም አጥሚት፣ እርጎ፣ ለስለስ ያለ ገንፎ፣ በደንብ የራሰ ፍትፍት። ደረቅና የሚበተን ነገር ደሞ አደገኛ ነው፣ ቆሎ፣ ደረቅ በሶ፣ የዳቦ ፍርፋሪ ለረጅም ጊዜ አይታሰብም።

ያስተማረችን ባለሙያ 5 ነገር ነው የነገረችን፣ አየር ሳብ፣ ያዝ፣ ዋጥ፣ ሳል፣ እንደገና ዋጥ። ትንፋሽ ሲያዝ በሩ ይዘጋል፣ ከዋጡ በኋላ የሚሳለው በሩ ላይ የቀረውን ለማውጣት ነው፣ መተንፈስ ከዛ በኋላ ነው። አገጭ ደሞ ወደ ደረት ዝቅ ይላል፣ ለሁሉም ሰው አይሆንም ግን ለአባባ ረድቷቸዋል። እናቴ አጥሚቱን በሻይ ማንኪያ ግማሽ ግማሽ እያደረገች ትሰጣለች፣ እሳቸው አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አይናቸውን ጨፍነው ይውጣሉ፣ እኔ ጮክ ብዬ "ሳብ፣ ያዝ፣ ዋጥ፣ ሳል፣ ዋጥ" እላለሁ። አንድ ብርጭቆ አጥሚት 50 ደቂቃ ይፈጃል። ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ እንግዳ ከመጣ ሳሎን ይቆያል፣ ሲበሉ ማንም አያወራቸውም። ወሎ ላይ ጠያቂ ሲመጣ አብሮ ማጉረስ ነው ልማዱ፣ ጉርሻ ግን በዚህ ሰአት ክልክል ነው፣ አንዲት የሰፈራችን ትልቅ ሴት በፍቅር ጉረሱልኝ ብለው ሲለምኑ እናቴ እጃቸውን ይዛ ስትመልስ አስታውሳለሁ።

ትኩሳት ከመጣ፣ ሳሉ ከበዛ፣ አክታው ምግብ ከመሰለ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወደ ሐኪም ነው፣ ምግብ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ኪሎም በየሳምንቱ መዝኑ።

አንገት ላይ የሚደረገው ቀዳዳ እስከመጨረሻው ነው?

በሚያተርፈው ኦፕራሲዮን አይደለም። በአንገት በኩል ሲሰራ እብጠቱ እስኪቀንስ መተንፈሻ ቱቦ ይገባል፣ ከዛ ይወጣና ቀዳዳው ይዘጋል። በሌዘር ትንሽ ሲሰራ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አያስፈልግም። ቱቦው እያለ ግን የውስጡ ቱቦ በቀን ደጋግሞ መታጠብ አለበት፣ አክታ ደርቆ ከዘጋው ሰው ይታፈናል። ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ቢያንስ 2 የቤተሰብ ሰው በራሱ እጅ አውጥቶ አጥቦ መልሶ ሲያስገባ ነርሷ ትየው።

ሙሉ በሙሉ ካልወጣ አይሆንም ከተባልንስ? እምቢ ብንል?

እምቢ ከማለታችሁ በፊት እባካችሁ ይሄን አንብቡ። እምቢ ብሎ ቤቱ የተመለሰ ሰው ካንሰሩ አየሩን ሲዘጋው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፣ ለማንም አልመኝም። ማንቁርት ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው አንገቱ ላይ ባለ ቋሚ ቀዳዳ ይተነፍሳል፣ በአፉ ይበላል፣ እንደውም የአየሩና የምግቡ መንገድ ስለተለያየ ከማንቁርቱ ጋር የሚመጣው ትንታ ይቀራል። ድምፅም አለ። በጉሮሮ አየር አግስቶ ማውራት አለ፣ አንገት ላይ የሚያዝ በባትሪ የሚሰራ መሳሪያ አለ፣ ሲንገርና ብሎም የሚባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ያስተዋወቁት ትንሽ ቫልቭም አለ። ቫልቩ በየጊዜው ስለሚቀየር ከመግባቱ በፊት የት እንደሚቀየርና ስንት እንደሚያስወጣ ጠይቁ። ሲታጠቡ ውሃ በቀዳዳው እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፣ የአቧራ መከለያ ጨርቅም እንደዛው። ሽታ ይቀንሳል። ከባድ ነው፣ ግን ይኖራል።

ወሎ ላይ ይሰራል? ከየት ልጀምር?

ደሴ ያለው ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ጀምሩ፣ ወልዲያ አካባቢ ያላችሁ ደሞ ከወልዲያ ሆስፒታል ሪፈር አፅፉ። ማንቁርትን የሚያተርፍ ኦፕራሲዮን ግን የአንገት በላይ ሐኪም፣ አነስቴዥያ (ማደንዘዣ)፣ ፓቶሎጂና ሲቲ አንድ ላይ ይፈልጋል፣ ስለዚ አዲስ አበባ መሄድ አይቀርም ብላችሁ ተዘጋጁ። የጤና መድህን ያላችሁ የሪፈር ሰንሰለቱን ሳትዘሉ ሂዱ፣ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ፣ መታወቂያችሁም መታደሱን አረጋግጡ።

የፓቶሎጂ ወረቀቱን፣ የሲቲውን ሲዲ፣ የካሜራውን ሪፖርት በአንድ ላስቲክ አድርጋችሁ ያዙ፣ እያንዳንዱን ደሞ በስልክ ፎቶ አንሱት። እኛ የፓቶሎጂውን ወረቀት ኮምቦልቻ ላይ መኪና ስንቀይር ረስተነው 11 ቀን አባክነናል።

ፀበል ወይ ዱዓ ይዘን ብንቆይስ?

ያዙ፣ ግን አብራችሁ። አባባ ዱዓቸውን አላቋረጡም፣ ጎረቤታችን ደሞ ፀበል አምጥታ ደጃፋችን ላይ ስታለቅስ ነበር፣ ሁሉም ደግ ነው። ቱቦ እያለ ወይ መዋጥ ሳይለመድ ግን ፀበልም ዘምዘምም ቢሆን ቀጭን ውሃ ነውና ባለሙያው ሳይፈቅድ በአፍ አይሰጥ፣ መቀባት ይቻላል። እንጥል ማስቆረጥ፣ አንገት ማስተኮስና ቅጠል ጨምቆ ማስዋጥ ግን አይሆንም። ፆሙን በተመለከተ የታመመ ሰው እንደማይገደድ ሸህም ቄስም ይነግሯችኋል፣ ሄዳችሁ ጠይቁና ከአፋቸው ይስማው፣ ከኛ ይልቅ እነሱን ይሰማል።

ቢላ ከነካው ይበተናል የሚባለውስ?

አይበተንም። ይሄ ወሬ የመጣው ዘግይተው ከፍተኛ ደረጃ ላይ የተሰሩ ሰዎች ስለሞቱ ነው።

አሁን ሲጋራ ማቆም ምን ዋጋ አለው? ከያዘው በኋላ?

ብዙ ዋጋ አለው። ቁስሉ ቶሎ ይድናል፣ ጨረር ከተሰጠው በተሻለ ይሰራለታል፣ ሌላ አዲስ ካንሰር ሳንባ ላይ ወይ አፍ ላይ የመምጣት እድሉም ይቀንሳል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ህዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ማጨስ ክልክል ነው፣ መናኸሪያ ውስጥ ግን ያው ታውቁታላችሁ። ስለዚ ከወዳጆቹ ጋር ተነጋገሩ፣ እሱ ፊት አያጭሱ። የአባባ ጓደኞች ከበርጫው አልለዩዋቸውም፣ ሲጋራቸውን ግን ውጭ ወጥተው ነው የሚያጨሱት።

ክትትሉ እስከመቼ ነው?

በመጀመሪያው አመት ከ1 እስከ 3 ወር በሚሆን ጊዜ ውስጥ አንዴ፣ ከዛ እየተራራቀ እስከ 5 አመት፣ ከዛም በአመት። የሚመለስ ከሆነ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 2 አመታት ስለሆነ "ደህና ነኝ" ብሎ ቀጠሮ መዝለል አይገባም። አንገት ላይ ጨረር የወሰደ ሰው የታይሮይድ (አንገት ፊት ለፊት ያለ እጢ) ደም ምርመራም ያስፈልገዋል።

ድምፁ ስልክ ላይ አይሰማም፣ ሰው "ሄሎ ሄሎ" እያለ ይዘጋበታል፣ ምን እናድርግ?

ይሄን ጥያቄ ስንት ሰው ጠይቆናል መሰላችሁ፣ እኛም ተቸግረንበት ነበር። ስልኩን ወደ አገጭ ጠጋ አድርጎ ማይኩ አፍ ስር እንዲሆን ማድረግ፣ ረጅም አረፍተ ነገር ሳይሆን 3 ወይ 4 ቃል ብሎ መተንፈስ፣ መጮህ ሳይሆን ቃሉን ማስረዘም ይረዳል። የሚደውሉ ሰዎችን ደሞ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ዝም ሲል አትዝጉ፣ አየር እየሳበ ነው በሏቸው። አባባ አሁን ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ይወርዳሉ፣ መጣራቱን ለወጣት ሰጥተውታል፣ እሳቸው ሂሳብ ነው የሚይዙት፣ ስልካቸው ሲጠራ ከጩኸቱ ራቅ ብለው ግድግዳው ጋ ይቆሙና አገጫቸውን ዝቅ አድርገው "አለሁ፣ ተናገር" ይላሉ።